እርዳታው ከመጫኑ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ ሳይከብድ ይህችን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ። የናዳ ወይም የደራሽ ጎርፍ ወሬ በተሰማ ቁጥር ደሴና ኮምቦልቻ ፈጥነው ይነሳሉ። ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ እድር፣ ይጠራራል፤ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ይነገራል፤ ወጣቶች አይሱዙ ተከራይተው ያገኙትን ይጭናሉ፤ ሌላው አካፋውን ይዞ ወደ ቦታው ይሮጣል። የጎደለን ርኅራኄ አይደለም። የጎደለን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማን ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ መስማማት ነው። ይህ ባለመኖሩ ለማዳን የሄደው ራሱ ይቀበራል፣ የተላከው እንጀራ ይሻግታል፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ተጎጂው ዞር ብሎ የሚያየው ያጣል።

በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የደረሰውን አንባቢ አይረሳውም። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከሞቱት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ቤት ውስጥ የነበሩ አይደሉም፤ የተቀበሩትን ለማውጣት ተጠራርተው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ጎረቤቶችና የአካባቢው ሠራተኞች ናቸው። ይህ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ናዳ ሲወርድ ከላይ ያለውን አፈር ደግፎ የያዘውን የቁልቁለቱን እግር ይዞት ይሄዳል። ከላይ የሚቀረው ቀጥ ያለ፣ የተሰነጠቀ፣ ውሃ የጠጣ ግድግዳ ነው፤ ዝናቡም ገና አላባራም። ከጦሳ ተራራ ግርጌና ከአዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ቤት ላላት ደሴ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ስለዚህ አካፋ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ብቻ ለጥበቃ ይመደብ። ሥራው መቆፈር አይደለም። ከናዳው ውጭ፣ ሽቅብ ማየት የሚችልበት ቦታ ላይ ፊሽካ ይዞ ይቆማል፤ ዓይኑን ከላይኛው ስንጥቅ አያነሳም። ጠጠር መንጠባጠብ ከጀመረ፣ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ካዘነበለ፣ ደፍራሽ ምንጭ ድንገት ከፈለቀ ይነፋል፤ ሁሉም አስቀድሞ በተነገረው አቅጣጫ ወደ ጎን ይወጣል። ወደ ታች መሮጥ ናዳውን መከተል ነው። ውስጥ የሚገባው ሰው ጥቂት ይሁን፤ ስድስት ወይም ስምንት ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ቆፍሮ በሌላ ይተካ፣ የቀረው ከናዳው መስመር ርቆ ይጠብቅ። በየመሃሉ ፊሽካው በሌላ ምልክት ይነፋና ሁሉም ጸጥ ይበል፣ ድምፅ ይደመጥ። ሎደር ወይም ኤክስካቫተር ከመጣ መንገድ ለመክፈት ነው የሚጠቅመው፤ ሰው አለበት በሚባልበት ቦታ ላይ የመጨረሻው ቁፋሮ በእጅ ይሁን። ዝናቡ እየወረደ ከላይ ያለው ግድግዳ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ማንም አይግባ። ይህን ለእናት ለአባት መንገር ከባድ ነው፤ ቢሆንም መባል አለበት። በዚያ ሰዓት ማን ቤት እንደነበረና ማን ገበያ እንደሄደ ጎረቤት ጠይቆ በወረቀት የሚይዝ ሰውም ያስፈልጋል፤ ያልተቀበረ ሰው ፍለጋ ብዙ ጉልበት ያልቃልና።

ለኮምቦልቻ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ቦርከና ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል፤ ኮምቦልቻ ፀሐይ ሆኖ ደሴ ላይ ዝናብ ከጣለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። የዚህ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ስልክ ነው፦ ከላይ ያለ ቅሬ ከታች ላለው ቅሬ ይደውል። መስመር ከተጨናነቀ አጭር የጽሑፍ መልእክት ከጥሪ ይልቅ ያልፋል። ዝናብ እየዘነበ ወንዝ ድንገት ከጎደለ ደስ አይበለን፤ ከላይ ተገድቦ ሊሆን ይችላል፣ ሲለቀቅ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። በፍጥነት የሚሄድ ውሃ ቁርጭምጭሚት ትንሽ አልፎ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አዋቂን ይጥላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን መኪና ይወስዳል። ድልድይ ላይ ቆሞ ጎርፍ በስልክ መቅረጽ በየክረምቱ የምናየው ጥፋት ነው።

ስለ አስከሬን የሚነገረው ሐሰት ብዙ ጉዳት ያደርሳል። «ካልተቀበረ ወረርሽኝ ያመጣል» እየተባለ ማንነቱ ሳይለይ በጅምላ ይቀበራል። በናዳ ወይም በጎርፍ የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያስነሳም፤ ኮሌራን የመሰለ በሽታ የነበረበት ካልሆነ በቀር። አስከሬን የሚያነሱ ሰዎች ጓንት ያድርጉ፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ከመቀበሩ በፊት ቁጥር ይሰጠው፣ የተገኘበት ቦታና የለበሰው ልብስ ይጻፍ፣ ፊቱ ፎቶ ይነሳ። ፎቶው ለመዝገብ ነው፤ ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ አይወጣም። በዚህ ጉዳይ ከቅሬ የተሻለ የተደራጀ የለም፤ መገነዝና መቅበር የዕለት ሥራው ነውና የሚጨመርበት መዝገቡ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጭነቱ ልምጣ። በብዛት የሚበላሸው የበሰለ ምግብ ነው። ማለዳ በላስቲክ ታፍኖ የተጫነ እንጀራ ማታ ሲደርስ አልቦታል፣ በማግስቱ ይሻግታል፤ ወጡ ከዚያም ይቀድማል። ቤቱን ያጣ ሕፃን በዚያ ላይ ተቅማጥ ከያዘው የላክነው ምግብ ሳይሆን በሽታ ነው። የበሰለ ምግብ እዚያው ተሠርቶ እዚያው ይበላ፤ የቅሬ ድስትና በርሜል ለዚህ ይሂድ። በመኪና የሚላከው በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ብስኩትና ተምር ይሁን። ከቀናት በኋላ እህል ይከተላል። በአገራችን የእርዳታ አሠራር ለአንድ ሰው በወር የሚሰፈረው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት ይህ 75 ኪሎ እህል፣ 7.5 ኪሎ ጥራጥሬና ከ2 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ዘይት ይሆናል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ያልተፈጨ ስንዴ ወይም ማሽላ መላክ ነው። ወፍጮ ቤቱ መብራት ጠፍቶበታል ወይም ጎርፍ ወስዶታል፤ ቢኖርም ተጎጂው ለማስፈጫ ሲል ከሰፈሩለት ላይ ይሸጣል። ደሴና ኮምቦልቻ ወፍጮ ሞልቷል፤ ቢያንስ የመጀመሪያው ዙር ተፈጭቶ ይሂድ። ዱቄት ብዙ ስለማይቆይ ለሁለት ሳምንት የሚበቃው ብቻ ይላክ፣ ማዳበሪያውም መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር። ከጥራጥሬም ማገዶ የማይፈጅ ይመረጥ፤ ማገዶው ረጥቦ ላለ ሰው ድፍን ባቄላ ሳይሆን ሽሮና የምስር ክክ ነው የሚሆነው። ጨው የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

የዱቄት ወተትና ጡጦ በፍጹም አትላኩ። የሚላከው ከቅን ልቦና ነው፤ ውጤቱ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ወተቱ የሚበጠበጠው በደፈረሰ ውሃ ነው፤ ጡጦውን የሚቀቅል እሳት የለም፤ እናቲቱም ማጥባቷን ትቀንስና ወተቱ ሲያልቅ ጡቷም ይደርቃል። «ድንጋጤ ወተቴን አደረቀው» የምትል እናት ጸጥ ያለ ቦታ፣ ለራሷ ተጨማሪ ምግብና ውሃ ካገኘች፣ ልጁም ደጋግሞ ከጠባ ወተቱ ይመለሳል። እናቱን ያጣ ጨቅላ ካለ በጤና ባለሙያ እጅ ይያዝ።

ልብስ በብዛት ይመጣል፤ ብዙውም ዝናብ ሲመታው በክምር ይበሰብሳል። ምክንያቱ አለመለየቱ ነው። የታጠበ ብቻ ይሰጥ፤ የወንድ፣ የሴት፣ የልጅ ተብሎ በየማዳበሪያው ይለይ፣ በውጭ በማርከር ይጻፍ። ጫማ በክር ጥንድ ጥንዱን ይታሰር፤ ካልታሰረ መንገድ ላይ ይለያያልና አንድ እግር ብቻ ይደርሳል። የውስጥ ልብስ አዲስ ካልሆነ አይላክ። በወሎ ደጋ የሐምሌ ሌሊት ብርዱ ከባድ ስለሆነ ቅድሚያው የብርድ ልብስና የጋቢ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ። ለሴቶች ሞዴስ፣ ለሁሉም የልብስና የገላ ሳሙና ይጨመር። ሰዎች ስለ ሞዴስ መናገር ያፍራሉ፤ ማፈሩ የሚጎዳው ሴቶቹን ነው።

ውሃ ከምግብም ይቀድማል። ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ በቀን 15 ሊትር ይታሰባል፤ አምስት ሰው ላለበት ቤት ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን አራት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። የታሸገ ውሃ መኪናውን ይሞላል እንጂ ለሁለት ቀን አይበቃም፤ የጠርሙሱ ላስቲክም መልሶ ቦዩን ይደፍናል። ክዳን ያለው ጀሪካንና የውሃ ማከሚያ መላክ ይሻላል። ውሃ አጋርና መሰሎቹ በማሸጊያቸው ላይ ባለው መመሪያ ይሠራባቸው። እነሱ ከሌሉ ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ለአንድ ሊትር ጥሩ ውሃ 2 ጠብታ፣ ለደፈረሰ 4 ጠብታ ይበቃል፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ወይም 80 ጠብታ ማለት ነው። ደፍራሹ መጀመሪያ ይረጋና በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ይጠለል፤ ጭቃ ያለበት ውሃ መድኃኒቱን ይበላዋልና። ከዚያ 30 ደቂቃ ሳይጠጣ ይቆይ።

መጠለያ ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ይሆናል። ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ ሜትር ካልደረሰ ሳልና ቅማል ይዛመታል። ሽንት ቤት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለ50 ሰው አንድ፣ ሲረጋጋ ለ20 ሰው አንድ፣ የሴቱ ተለይቶ፣ ከውስጥ የሚቆለፍና ሌሊት መብራት ያለው ይሁን፤ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። የቅሬ ድንኳን ለጊዜው ይጠቅማል፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃው ሸራ 4 በ6 ሜትር ነው፤ ገመድና ችካል አብሮ ይሂድ። አደጋው የመሬት መንቀጥቀጥ ከሆነ ሰው ቶሎ ወደ ተሰነጠቀ ቤቱ አይመለስ። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ አንድ ጊዜ ነቅንቆ አልበቃውም፤ ለወራት ተከታትሏል።

ገንዘብ ከሁሉም ይሻላል፤ አጭበርባሪም በብዛት የሚገባው እዚያ ነው። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሲላክ ከማረጋገጡ በፊት የሚመጣው ስም የድርጅት ሳይሆን የግለሰብ ከሆነ አይላክ። ቅሬም ሰብስቦ ሲልክ ገቢውንና ወጪውን በአንድ ደብተር ይያዝ፣ የተቀበለውም ይፈርም። ቁስለኛ ላለበት የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

«ለምን ገደል ሥር ሠሩ?» የሚለውን ወቀሳ መስማት ያማል። ገደል ሥር የሠራ ሰው የተሻለ ቦታ ቀርቦለት የናቀ አይደለም፤ አቅሙ የፈቀደለት ቁራሽ መሬት ያ ብቻ ስለሆነ ነው። ወቀሳ ካስፈለገ ቁልቁለቱን ቆርጦ መሠረት እንዲያወጣ የፈቀደውና የውሃ መውረጃ ሳይሠራለት የተወው ይጠየቅ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ መኪናው ይቆማል፤ ችግሩ ግን ያኔ ሌላ መልክ ይይዛል። በሐምሌ ማሳው የተወሰደበት ገበሬ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በቀሪው እርጥበት ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ መዝራት ይችላል፤ ዘር ከደረሰለት። በመስከረም ትምህርት ቤቱ ስለሚፈለግ መጠለያው መለቀቅ አለበት፤ ለዚያ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ማገር ይጠየቃል። ስለዚህ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ሲሶው በመጀመሪያው ሳምንት ሳይነካ ለዚህ ይቀመጥ።

ለየቅሬው ሰብሳቢዎች የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። በሰኔ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አራት ሰው ይመረጥ፦ ፊሽካ የሚይዝ፣ የጠፉትንና የተገኙትን የሚመዘግብ፣ ልብስና እህል የሚለይ፣ የገንዘቡን ደብተር የሚይዝ። ለየአንዳንዳቸው ተተኪ ይኑር። ስማቸውና ስልካቸው፣ ከላይና ከታች ያሉት ቅሬዎች ስልክም ጭምር፣ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከድንኳኑ ጋር ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂው ለቀበሌው ይሰጥ።

ከደሴ