የኋላውን ክፍል አከራየሁት

ውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የጣርማ በር ብርድ ጉልበቴን ማስታወሱ ካልቀረ በቀር።

«ቤቱን ቆልፈሽው ነይ፣ ካልሆነም ሽጪው» ያልከኝን ሳመነዥገው ሰነበትኩ። በስልክ ስትቆጣ መልስ ይጠፋኛል፤ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

በ1999 ግንቦት ቆጠራው ሲመጣ እኛን መምህራንን እንዳሰማሩን ታስታውሳለህ። አንተ አሥረኛ ክፍል ነበርክ፤ ማታ ማታ ቅጹን አብረኸኝ ታገላብጥ ነበር። የሰፈራችንን በር አንድ በአንድ ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ስለሌለ በጭንቅላቴ ያለው መዝገብ ያው የዚያን ጊዜው ነው። ባለፈው ቆሎ ገዝቼ ስመለስ በሮቹን እያየሁ መጣሁ። ጥግ ላይ ካለው ቤት ያኔ ዘጠኝ ነፍስ ጽፌያለሁ፤ ዛሬ አሮጊቷና አንዲት የልጅ ልጃቸው ናቸው። ከጎናቸው ያለውን ፎቅ ደግሞ የጎረቤቶቹ ልጅ ከጂዳ ገንዘብ እየላከች ነው ያሠራችው። አምስት ክፍል፣ አንድ ዘበኛ። ሶፋው ገና ከነላስቲኩ ነው።

ይህን ሳይ እኔም እንዳንተ ሰው ካነሰ ቤት ይተርፋል ብዬ ነበር። አይተርፍም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የገጠር ሴት በአማካይ 5.2፣ የከተማ ሴት 2.3፣ የአዲስ አበባዋ 1.8 ልጅ ትወልዳለች ተብሏል። (ሚስትህ ሁለተኛውን መቼ እንዳሰበች አልጠይቅም።) ልጅ ቢያንስም ጎጆ ግን ይበዛል። እነዚያ ዘጠኝ ሰዎች አንድ ጣሪያ ይበቃቸው ነበር፤ ዛሬ አራት ቦታ ተበትነው አራት በር ይፈልጋሉ። ከገጠር ለትምህርት የሚመጣው ልጅ፣ ተመድቦ የሚመጣው መምህርም እንዲሁ። ደሞዝተኛ ራሱ ይሥራ እንዳትለኝ፤ ቦታው በሊዝ ነው፣ በማኅበር ተደራጅቶ ቢደርሰው እንኳ የቆርቆሮውና የሲሚንቶው ዋጋ መሠረቱ ላይ ያስቆመዋል።

የአሮጊቷ ቤት የቀበሌ ነው። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ሄዱ። እሳቸው ዛሬም የሚከፍሉት የሻይ መጠጫ የማትሆን ብር ናት፤ በዚያች ብር ጣሪያ የሚቀይርላቸው የለም። በክረምት አልጋቸውን ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ ሲገፉ ይከርማሉ። ቢሆንም ያ ቤት ባይኖር የት ይወድቁ እንደነበር ሳስበው ይዘገንነኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለፈው ወር አዲስ የተመደበች ነርስ ሻንጣዋን እየጎተተች ቤት ስትጠይቅ አገኘኋት። አንዱ የስድስት ወር ቅድሚያ አምጪ ብሏታል፤ ሌላዋ ለብቻዋ ለሆነች ሴት አላከራይም ብላታለች። ከእሷ በፊት የነበረችው በዓመቷ ዝውውር ጠይቃ ነው የሄደችው። መጀመሪያ አልፌያት ሄድኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ሆዴ እንቢ አለኝና ተመለስኩ።

ያንተን ክፍል ሰጠኋት። ግድግዳውን አስመርጌ ኖራ አስቀባሁት፤ ቁመትህን በቢላ የጫርኩበትን መቃን ግን አላስነካሁም። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። እኔ የአንድ ወር ተቀበልኩ። ሞኝ ትለኝ ይሆናል፤ አንተ ግን ከ2005 ጀምረህ ኮንዶሚኒየም ስትጠብቅ ስንት ቤት ቀየርክ? «ለዘመድ ፈልጌዋለሁ» የሚሉህ ቀን ድምፅህን በስልክ ገና ሳትነግረኝ አውቀዋለሁ።

ቆልፌው ብመጣ ምስጥ ይገባበታል። ብሸጠውስ አዲስ አበባ ላይ ምን ይገዛልሃል? የመታጠቢያ ቤት በር ካልሆነ። ጉልበቴ ሲብስ እመጣለሁ፤ ቤቱ ግን ሰው ይኑርበት።

ለትንሣኤ ስትመጡ ነርሷ ከእኔ ጋር ታድራለች፣ እናንተ ሳሎን ትሆናላችሁ። የደብተር ሳጥንህን ወደ እኔ ክፍል አስገብቼዋለሁ። ቁልፉን ፈልጌ አጣሁት፤ አንተ ጋ ከሆነ በሚመጣ ሰው ላክልኝ።

እናትህ
ደብረ ሲና