ትከሻዋን ማን ይይላት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

«ስሙ የገነነ ሯጭ አሰልጣኝ ምን ያደርግለታል?» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። አልስማማም። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ካስደነቀ በኋላም ከስዊድናዊው አሰልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን አልተለየም። በ1964 ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ወርቁን ደገመው። ከዚያ ወዲህም እነ ኃይሌና ቀነኒሳ፣ ክብረ ወሰን በእጃቸው እያለ፣ የአሰልጣኛቸውን የዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬን ቁጣ ይሰሙ ነበር።

በቅርቡ ሱሉልታ ላይ፣ ገና ጉሙ ሳይገፈፍ፣ አንዲት አንጋፋ ሯጭ ስትለማመድ ቆሜ አየሁ። አሰልጣኟ ከመንገዱ ዳር ሆኖ «ቀኝ ትከሻሽ!» አላት። ወዲያው ትከሻዋ ወረደ፤ እጇም ተፍታታ። እኔ ከአጠገባቸው ሆኜ ምንም አላየሁም ነበር፤ እሷም ትከሻዋ ወደ ላይ መነሳቱ አልታወቃትም። ድካም ሲጫን ሰው የገዛ አካሉን መስማት ያቅተዋል፤ ለጀማሪውም ለሻምፒዮኑም ያው ነው። እንዲያውም ሻምፒዮኑን ደፍሮ የሚያርመው ስለሚጠፋ፣ አሰልጣኝ የሚያስፈልገው ይበልጥ ለእሱ ይመስለኛል።

እባካችሁ፣ የአሸናፊዎችን ፎቶ ስታወጡ የአሰልጣኙንም ስም ከሥሩ ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ