«ተናደደ» እና «ተቆጣ» አንድ አይደሉም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በዜናዎቻችሁ «ንዴት» እና «ቁጣ» አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ይታያል። «ንዴት» ነደደ ከሚለው ግስ የወጣ፣ ውስጥን የሚያቃጥል ስሜት ነው፤ ሰው ተናዶም ዝም ሊል ይችላል። «ቁጣ» ግን በድምፅ፣ በፊት፣ በተግሣጽ ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ «አባት ልጁን ተቆጣው» ይባላል፤ «ልጁን ተናደደው» ግን አያስኬድም፣ «በልጁ ተናደደ» ነው ትክክሉ። ቁስልም ይቆጣል እንጂ አይናደድም።

የባሰው የፊደል ግድፈቱ ነው። «ምድጃውን አነደደው» እና «ጎረቤቱን አናደደው» የሚለያዩት በ«ነ» እና በ«ና» ብቻ ነው። «ተናደ» ደግሞ ናደ ከሚለው የመጣ ሌላ ቃል ነው፤ «ሚኒስትሩ ተናደዱ» አንድ ፊደል ሲጎድለው «ተናዱ» ይሆንና ሰውየውን እንደ ግንብ ያፈርሳቸዋል።