ቱቦው ይቆየንና መጀመሪያ መድፊያ ቦታ ስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ሰላም እንደምን ናችሁ። የምፅፍላችሁ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ነው፣ ስሟን እለፉት፣ ብጠራት ነገ ለግንባታ ፈቃድ ማዘጋጃ ቤት ስሄድ ፋይሌ ሊጠፋ ይችላል (ቀልዴን ነው፣ ግማሹን)። ደሞ ነገሩ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ መድፊያ ማጣት ማለቴ ነው፣ የኛ ብቻ አይደለም፣ 30 ሺህ ገደማ ሰው፣ አንድ አስፋልት፣ አንድ መናኸሪያና ቁጥር ስፍር የሌለው ባጃጅ ያለበት ከተማ ሁሉ እዚህ ውስጥ ራሱን ያገኛል ብዬ አስባለሁ።

በቅርቡ የከተማችን ምክር ቤት ጉባኤ ላይ ነዋሪም ይገኝ ተብሎ ተጠርተን ሄድን። ሪፖርቱ ያው የምታውቁት ነው፣ ይሄን ያህል ሜትር ኮብል፣ ይሄን ያህል ሜትር ዲች (የጎርፍ መውረጃ ቦይ)፣ የመንገድ መብራት ጥገና፣ የቄራው አጥር፣ አፈፃፀም በመቶኛ 90 ምናምን። መጨረሻ ላይ ግን አዲስ ነገር ተነገረ፣ ከተማችን ዘመናዊ የፍሳሽ ቱቦ መስመር ሊዘረጋላት ነው፣ የጥናቱ ገንዘብ በሚቀጥለው በጀት ይያዛል ተባለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ እጄን አውጥቼ ነበር ግን ሻይ ደረሰና አስተያየት በፅሁፍ ስጡ ተባልን፣ ይኸው በፅሁፍ ሰጠሁ፣ ለናንተ። ለመናገር ምን አገባህ እንዳትሉኝ ብቻ፣ በኮብልና በዲች ማህበር ውስጥ ፎርማን ሆኜ ብዙ ሰርቻለሁ፣ ከመሬት በታች ያለውን ነገር ከብዙዎቹ የምክር ቤት አባላት በላይ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ የፍሳሽ ቱቦ የሚሰራው በውሃ ነው። ቱቦ ውስጥ የገባው ነገር እንዳይዘቅጥና እንዳይደፍን ቢያንስ በሰከንድ 0.6 ሜትር እየሮጠ መሄድ አለበት ይላሉ መሃንዲሶቹ፣ እንዲሮጥ ደግሞ ሰዉ በየቀኑ በደንብ ውሃ መልቀቅ አለበት። እስከ 2012 በቆየው በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ላይ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ህዝብ ላላት ከተማ የተቀመጠው የውሃ ልክ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ነበር፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሆነው ግን 100 ሊትር። ይሄ እንግዲህ እቅዱ ነበር፣ እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው ሚመጣው፣ ሲመጣም ሌሊት ነው፣ በርሜልና ጀሪካን ተሰልፎ ይጠብቃል። ልብስ የታጠበበትን ውሃ ሽንት ቤት ላይ ደፍቶ የሚጠቀም ህዝብ ጋ ትልቅ ቱቦ ብትቀብር ምን ይገባበታል? በሁለት አመት ይደፈናል፣ ከዛ ማንሆሉ (ወደ ቱቦው መውረጃው ጉድጓድ) ይፈነዳል፣ ክዳኑ ደግሞ ብረት ከሆነ ከዛ በፊት ተሰርቆ ለቆራሌው ተሸጧል።

አዲስ አበባን እንኳ እዩ። የቃሊቲው ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ ትልቅ ገንዘብ ፈሶበት ነው የተስፋፋው፣ ጥሩ ስራ ነው፣ ግን ከዋና ከተማው ነዋሪ ትልቁ ክፍል ዛሬም ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ (ግቢ ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ነው ሚጠቀመው፣ ሲሞላም በቦቴ ነው ሚመጠጠው። አዲስ አበባ ያልጨረሰችውን መንገድ እኛ በጥናት ገንዘብ ልንጀምር ነው ማለት ነው።

የኛ ችግር ቱቦ አይደለም፣ መድፊያ ነው። ከተማው ውስጥ የፍሳሽ ቦቴ የለም፣ ጉድጓዱ የሞላበት ሰው ደላላ ጋ ደውሎ ከሌላ ከተማ ነው ሚያስመጣው፣ የነዳጁን የመንገዱን ሁሉ እሱ ይከፍላል፣ ስለዚህ ብዙው ሰው ጎረቤት እስኪጮህ ይጠብቃል ወይ ሁለት ሶስት ሆኖ ተዋጥቶ ያስመጣል። እሺ መጣ፣ መጠጠ፣ ከዛስ የት ይሄዳል? ማንም አይጠይቅም። ሹፌሩ የሚደፋበት ቦታ ተሰጥቶት አያውቅም፣ እሱም ሲመሽ ድልድዩ ጋ ወይ ገደሉ ጋ ሄዶ ይለቀዋል፣ ሹፌሩን ብቻ መስደብ ቀላል ነው ግን የት አባቱ ይውሰደው? ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ደግሞ በዛው ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ሰዎች አሉ፣ ጎመኑ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተመልሶ እኛው ጋ ይመጣል። የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለወራት አንዳንዴም ከዛ በላይ እንደሚቆይ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ሁሌ ሚነግሩን ነገር ነው። ኮሌራውንም አልረሳነውም፣ በነሐሴ 2014 ከባሌ አካባቢ ተነስቶ ስንቱ ክልል እንደደረሰ ሁላችንም በሬዲዮ ሰምተናል።

አሁን ይሄን ነገር ትንሽ ልቁጠርላችሁ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ማንም ሲቆጥረው ስላልሰማሁ። ደረቅ ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ በአንድ ሰው በአመት የሚጠራቀመው ዝቃጭ በግምት ከ40 እስከ 60 ሊትር ነው ተብሎ ነው ሚሰላው፣ ሌላው ወደ መሬት ይሰርጋል። 50 ብለን ብንይዝ 30 ሺህ ሰው በአመት 1,500 ሜትር ኩብ ነው። አስር ሜትር ኩብ የሚይዝ ቦቴ ይሄን በ150 ምልልስ ይጨርሰዋል፣ በሳምንት ሶስት ማለት ነው። ሴፕቲክ ታንክ ያላቸው ሆቴሎችና ውሃ የሚገባባቸው ጉድጓዶች ስላሉ እጥፍ አርጉት፣ ስድስት። በሳምንት ስድስት ጊዜ! አንድ ቦቴ፣ አንድ ሹፌር፣ ሁለት ረዳት፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብቻ እየሰሩ እሁድም አርፈው ይጨርሱታል።

መድፊያውም ተአምር አይደለም። ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ ተነጥፎበት ዝቃጩ በ20 በ30 ሳንቲም ውፍረት የሚዘረጋበት ማድረቂያ ነው፣ ውሃው ከስር ይወርዳል፣ ላዩ በፀሃይ ይደርቃል፣ በበጋ ሁለት ሶስት ሳምንት ነው፣ ከዛ ይፋቃል፣ ይከመራል፣ በደንብ ሳይቆይ ማሳ ላይ አይወጣም። ከስር የሚወርደውም ውሃ እንዲሁ ወንዝ አይለቀቅም፣ ኩሬ ይፈልጋል። ለኛ አይነት ከተማ ማድረቂያው ራሱ 1,000 ካሬ ቢሆን ነው፣ መንገዱን፣ ኩሬውን፣ ማከማቻውንና አጥሩን ጨምረህ ግማሽ ሄክታር በለው፣ ክረምቱን ስታስብ ትንሽ ሰፋ ይበል። ለኢንቨስተር ተሰጥቶ አስር አመት ታጥሮ ሳር የሚበቅልበት መሬት ከዚህ አይበልጥም እንዴ? ታዲያ ለምን አይሰራም ብትሉ መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የሽንት ቤት መድፊያ ሪባን አይቆረጥበትም። ባለስልጣን ቆሞ ፎቶ የሚነሳበት ነገር አይደለም፣ የሚሸት ነገር ነው፣ የትኛውም ቀበሌ ደግሞ እኔ ጋ ይምጣ አይልም፣ ስለዚህ ከንቲባ ሁሉ ለሚቀጥለው ከንቲባ ያስተላልፈዋል።

ግዴታ ግን ነው። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የከተማን ቆሻሻ መሰብሰብ፣ ማጓጓዝና ጉዳት በማያመጣ መንገድ ማስወገድን ለከተማ አስተዳደር ነው ያሸከመው፣ ህገ መንግስቱም አንቀፅ 44 ላይ ንፁህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ብሎ ፅፎታል። ቱቦ የመቅበር ግዴታ ግን የትም አላየሁም።

እኛ ነዋሪዎቹም መላእክት አይደለንም፣ ይሄን ሳልል ባልፍ ውሸት ይሆናል። ሃምሌ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ጠብቆ የሽንት ቤቱን መክፈቻ ወደ ዲች የሚለቅ ባለ ግቢ በየሰፈሩ አለ። ዲቹ ደግሞ የተሰራው ለጎርፍ ነው፣ ለሌላ አይደለም፣ ክዳኑም በየሁለት ሜትሩ ተሰብሯል፣ ልጆች ውስጡ ኳስ ሲገባባቸው ዘለው ገብተው ያወጣሉ። እንዲህ የሚያደርገውን ሰውዬ ደምብ አስከባሪ ሊቀጣው ይገባል፣ ይቀጣ፣ ግን ስትቀጣው ምን አድርግ ልትለው ነው? ቦቴ ጥራ ልትለው ነው? የትኛውን ቦቴ? ሶስት ክፍል ሰርቪስ አከራይታ የምትኖር አሮጊት ለቦቴ ሚጠየቀውን ብር ከየት ታመጣለች? ቅጣቱ የሚያምርበት አገልግሎቱ ሲቀድም ነው።

ዲች ካነሳን አይቀር የጠረጋው ነገር አለ። አመታችን ሃምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል፣ የመንግስት በጀት ማለቴ ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ በጀት የሚያፀድቀው ዝናቡ ጣሪያ ላይ እየደበደበ ነው፣ ከዛ ጨረታ፣ ከዛ ግዢ፣ ከዛ ውል፣ ገና ገና ሲባል ጥር የካቲት ይደርሳል፣ ኮንትራክተሩ በደንብ የሚሰራው ሚያዝያ ላይ ነው፣ በግንቦት መጨረሻ ያልተከደነ ዲች ክረምት ይገባበታል። ነባሩ ዲች መጠረግ ያለበት ደግሞ ልክ በዛው በግንቦት ነው፣ ያኔ የጥገናው ብር አልቋል ወይም በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ ለጎማና ለወንበር ወጥቷል። የሴፍቲኔት እናቶች ናቸው በአካፋ ወርደው የሚጠርጉት፣ ጓንትም ቦቲ ጫማም ሳይኖራቸው፣ ያወጡትን ጭቃና ፌስታል ደግሞ የዲቹ አፍ ላይ ይከምሩታል ምክንያቱም የሚጭነው መኪና የለም፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። እነሱ ጥፋት የለባቸውም፣ የተሰጣቸው አካፋ ብቻ ነው። መጀመሪያ መኪናውን አቁመህ ነው ሰው ወደ ዲች የምታወርደው፣ ይሄን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም።

ኮብሉን ባጭሩ ልለፈው። ኮብልስቶን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሀገራችን ውስጥ ሲስፋፋ አንዱ ጥቅሙ ተነቅሎ መልሶ መነጠፍ መቻሉ ነው፣ እንደ አስፋልት አይደለም። ግን የነቀለው አካል ጉድጓዱን በገረጋንቲ ሞልቶ በየንብርብሩ ካልጠቀጠቀው ድንጋዩን በላዩ ላይ ደርድሮ መሄድ ዋጋ የለውም፣ በክረምት ይሰምጣል፣ እኛ ሰፈር አንዱ መንገድ ላይ መጀመሪያ ለውሃ ተቆፈረ፣ ቀጥሎ ለስልክ ተቆፈረ፣ አሁን ለፍሳሽ ቱቦ ሊቆፈር ነው። የከተሞች ተቋማዊና መሰረተ ልማት ማጎልበቻ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የነበሩት 117 ከተሞች የካፒታል ኢንቨስትመንት ፕላንና የአሴት ማኔጅመንት ፕላን አዘጋጁ ተብለው ነበር፣ ማለትም ያለህን መንገድና ዲች ቁጠር፣ የትኛው መቼ እንደሚጠገን ፃፍ፣ ብሩን ያዝለት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያልገባም ከተማ ቢሆን ይሄን ለመፃፍ ወረቀትና አንድ ቴክኒሻን ነው ሚያስፈልገው። የውሃውና የስልኩ ሰዎች ይሄን ዝርዝር ከያዘው ቴክኒሻን ፈቃድ ሳይወስዱ ዶማ አይነሳ፣ ጉድጓዱ መጠቅጠቁ ሳይታይም ማስያዣ ብራቸው አይመለስ።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የቱቦው ጥናት ገንዘብ ለጊዜው ይዘግይ። በሱ ፋንታ ከነፋስ አቅጣጫና ከወንዝ የራቀ ቦታ ይመረጥና ካርታ ይሰራለት፣ አንድ ቦቴ ይገዛ ወይ ከአጎራባች ከተሞች ጋር በጋራ ይገዛ፣ ታሪፍ ይውጣለት፣ አቅም ለሌለው ሰው ቀስ በቀስ እየከፈለ እንዲያስመጥጥ ከውሃ ቢል ጋር ይደመርለት። የግንቦት የዲች ጠረጋ ደግሞ የራሱ የበጀት መደብ ኖሮት ሌላ ነገር ላይ እንዳይዛወር ምክር ቤቱ ይቆልፈው። ሆቴሎችና ትልልቅ ህንፃዎች ግን ዛሬውኑ ከዲች ይነቀሉ፣ እነሱ ለቦቴ አቅም የለንም ሊሉ አይችሉም፣ ፈቃዳቸው ላይ ሴፕቲክ ታንክ ተስሎ ነው የፀደቀላቸው። ውሃው በየቀኑ መምጣት ሲጀምር ያኔ ስለ ቱቦ እናውራ፣ እኔም አጨበጭባለሁ።

አዘጋጁ፣ ይሄን የምታወጡት ከሆነ ከሃምሌው የበጀት ጉባኤ በፊት አውጡልኝ፣ ከፀደቀ በኋላ ቢወጣ ጥቅም የለውም። ዘጋቢ የምትልኩም ከሆነ አዳራሽ ሳይሆን ድልድዩ ጋ ይምጣ፣ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ።

ከአክብሮት ጋር
የከተማዋ ነዋሪ፣ የቀድሞ የኮብልና የዲች ፎርማን