ስለ ቱራኮዋ ቴምብር

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወንድምሽ ትናንት ደውሎ «እቴ ቴምብሩን በሳሙና አጥባ የወፏ ክንፍ ነጣ» አለኝ። አልቆጣሽም፣ የጠፋው ጠፍቷል። የቀረችውን ግን አደራ፣ ሳሙና አታስነኪያት።

የሚገርመው የእውነተኛዋ ወፍ፣ የቱራኮዋም ቀይ እንደዚያው መሆኑ ነው። የቱራኮ ክንፍ ቀይ የሆነው መዳብ ባለበት ቱራሲን በሚባል ቀለም ነው። ሳሙና ወይም አሞኒያ የገባበት ውሃ ያንን ቀለም ከላባው ያሟሟዋል። የቴምብሩ ቀይ እርግጥ የማተሚያ ቤት ቀለም ነው፤ በሳሙና መጎዳቱ ግን ለሁለቱም ደረሰ።

የቀረችው ገና ፖስታው ላይ ናት አይደል? መጀመሪያ ማህተሙን እዪ። ቀኑና «ነገሌ» የሚለው ሙሉ ሆኖ ከተነበበ አታላቅቂያት፣ ከነፖስታው ትቀመጥ። እኔ የአባባን ፖስታዎች ቴምብሩን ብቻ በመቀስ ከርክሜ ሌላውን ጣልኩት፤ አሁን የትኛው ከነገሌ፣ የትኛው ከአሬሮ እንደመጣ ማን ይንገረኝ?

ሩስፖሊም እንዲሁ ነው ያደረገው። ጣልያናዊው ልዑል ኤውጄንዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ዝሆን ሲገድለው የዚችው የቴምብርሽ ወፍ ቆዳ ከዕቃው መሀል ነበር፤ የት እንደያዛት የሚናገር ጽሑፍ ግን አልነበረም። የወፍ ተመራማሪው ሳልቫዶሪ በ1896 በሟቹ ስም ሰየማት። መኖሪያዋ እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሳይታወቅ ቀረ። እግሯ ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ቢያስር ኖሮ! ዛሬ በነገሌ ቦረናና በአሬሮ ዙሪያ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች አካባቢ እንደምትኖር ይታወቃል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለችም። ጥዱ ለእርሻና ለከሰል ሲመነጠር፣ ሾላው ሲቆረጥ ፍሬ የምትለቅምበት ያጥራታል። ደኑ ሲሳሳ ደግሞ ጉንጨ ነጩ ቱራኮ እየገባ ይዳቀላታል።

ወሬ ያዘኝ። ማህተሙ ደብዝዞ ከሆነና የግድ ማላቀቅ ካለብሽ፣ ዙሪያዋን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀት ትተሽ ቁረጪ፤ የዳሯን ጥርስ ከነካሽ ዋጋዋ ወደቀ። ፖስታው ባለቀለም ከሆነ ብቻዋን ንከሪያት፣ የወረቀቱ ቀለም ወደ እሷ ይጋባልና። ሰፊ ሳህን ላይ ለብ ያለ ንጹህ ውሃ አፍስሺና ፊቷን ወደ ላይ አድርገሽ አንሳፊያት። ሙቅ ውሃ አይሁን፣ ሳሙናም እንዳልኩሽ። የአንዳንድ ቴምብር ቀለም በባዶ ውሃም ይለቃልና አጠገቧ ሁኚ፤ ውሃው ቀላ ካለ ወዲያው አውጫት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ስትቆይ ራሷ ተንሸራታ ትለቃለች። ካልለቀቀች ቆዪ እንጂ አትላጪያት፤ እርጥብ ወረቀት ቶሎ ይሳሳል፣ ከመሀል ይቀደዳል። ጀርባዋ ላይ የቀረውን ሙጫ በሌላ ንጹህ ውሃ አለቅልቂው፣ አለዚያ ስትደርቅ ተጠቅልላ ካስቀመጥሽበት ወረቀት ጋር ትጣበቃለች።

እንድትደርቅ ፊቷን ወደ ታች አድርገሽ ጽሑፍ በሌለበት ነጭ ወረቀት ላይ አስተኛት። ፀሐይ ላይ አታስጪያት። ገና ትንሽ እርጥብ ሳለች በሁለት መጣጭ ወረቀት መሀል አድርገሽ ከባድ መጽሐፍ ጫኚባትና ትደር።

ማህተም ያልተመታባት፣ ሙጫዋ ያልተነካ ቴምብር ካገኘሽ ደግሞ ጭራሽ ውሃ አታሳያት። ፕላስተርም አትለጥፊ፤ ሙጫው ዓመታት ሲቆይ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ርካሹ ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስም ቀለም ይስባል።

ወረንጦውን ለአጎትሽ ሰጥቼዋለሁ፣ እሑድ ያመጣልሻል። አፉ ጠፍጣፋ ነው። የቅንድብሽን ሹል ወረንጦ አትጠቀሚ፣ ጥርሷን ይበሳዋል። እስከዚያ አትንኪያት፤ ሳሙናውንም ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አንሺው።

እናትሽ