የኑድል ስጎ በቤታችን ይሠራ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአንባቢያን አስተያየት ገጻችሁ ላይ፣ ፈጣን ኑድል ጨው ይበዛበታል በማለት ወላጆች ለልጆቻቸው ጨርሰው እንዳይሰጡ የሚመክሩ ደብዳቤዎችን በጥሞና አንብቤአለሁ። የጸሐፊዎቹን ስጋት እጋራለሁ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ወንድሟ አሉኝ፤ እኔና ባለቤቴ ከሥራ እስክንመለስ ድረስ መክሰሳቸውን ራሳቸው ስለሚያዘጋጁ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከተኛል። ይሁን እንጂ ክልከላው ያነጣጠረው በተሳሳተው ነገር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ኑድል በመሠረቱ እንደ ፓስታ ሁሉ የስንዴ ሊጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አብዛኛው ጨው የሚገኘው ከኑድሉ ጋር ታሽጋ በምትመጣው ትንሽ የቅመም ፓኬት ውስጥ ነው። ፓኬቷን ትተን ስጎውን በራሳችን ወጥ ቤት ብናዘጋጅ ልጆቻችን የሚወዱትን ምግብ ሳናስቀርባቸው የሚበሉትን ነገር ማወቅ እንችላለን፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ጊዜ የኑድሉ ውሃ እስኪፈላ ከሚወስደው እምብዛም አይበልጥም።

ፈጣን ኑድል ለገበያ የቀረበው በ1958 እ.ኤ.አ. በጃፓን ሲሆን፣ የፈጠራው ባለቤት ሞሞፉኩ አንዶ ኑድሉን በዘይት ጠብሶ በማድረቅ በፈላ ውሃ ቶሎ እንዲለሰልስ አድርጎታል። በእስያ አገሮች ግን ኑድልን በቤት ስጎ መብላት ከዚያ እጅግ የቀደመ ልማድ ነው፤ እኔም የተማርኩት ከዚያው ልማድ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በቻይና፣ የሻአንሺ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በሺያን ነው። አካባቢው ስንዴ አብቃይ በመሆኑ ሕዝቡ ኑድል ያዘወትራል። የማደሪያችን ወጥ ቤት አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ ነበረው፤ አብረውኝ የሚማሩት የአገሩ ልጆች ግን በዚያች ምድጃ ላይ «ዮ ፖ ሚየን» የሚሉትን፣ በአማርኛ የጋለ ዘይት የፈሰሰበት ኑድል ልንለው የምንችለውን ምግብ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያደርሱ ነበር። የተቀቀለው ኑድል ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይገባል፤ በላዩ የደቀቀ ነጭ ሽንኩርት፣ በቀጭኑ የተከተፈ አረንጓዴ የሽንኩርት ቅጠልና ሸካራ ሆኖ የተወቀጠ ደረቅ በርበሬ አንድ ቦታ ላይ እንደ ትንሽ ጉብታ ይከመራል፤ ከዚያም በሚገባ የጋለ ዘይት በጉብታው አናት ላይ ይፈስሳል። ዘይቱ ቸስ ብሎ ሲነካው ነጭ ሽንኩርቱ በቅጽበት ይበስላል፣ በርበሬውም ቀለሙንና መዓዛውን ለዘይቱ ይሰጣል። በመጨረሻ ሶያ ሶስ የሚባለው ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጨዋማ ፈሳሽና አቼቶ ታክሎበት ከሥር ወደ ላይ ይገላበጣል። ያ ሽታ ኮሪደሩን ሲሞላው ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የእናቴ ቁሌት ነበር፤ በባዕድ አገር የመጀመሪያውን ክረምት የተሻገርኩት በዚህ ምግብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ይህን ስጎ ለልጆቼ አስተማርኳቸው። ልጄ መጀመሪያ ስትሞክረው የተጠቀመችው ለወጥ ያዘጋጀነውን የላመ በርበሬ ስለነበር፣ የጋለው ዘይት እንደነካው ጠቆረና መረረ። የላመ በርበሬ ከሸካራው ይልቅ ቶሎ ያራል፤ ጨውና ሌሎች ቅመሞችም ስላሉበት ጣዕሙ ይለያል። በማግስቱ ጥቂት ዛላ በርበሬ ፍሬውን አራግፋ በሙቀጫ ሸከር አድርጋ ወቀጠች፤ በርበሬው ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ አርከፈከፈችበት፤ ዘይቱንም ከእሳት አውርዳ እስከ ሠላሳ ከቆጠረች በኋላ አፈሰሰችው። በርበሬው ቀይ እንደሆነ ቀረ፤ መዓዛው እስከ በራፋችን ድረስ ተሰማ። ውሃውን ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት፣ አያቷ ሲያቁላሉ በርበሬው እንዳያርባቸው ውሃ ጠብ እያደረጉ እንደሚያማስሉ አይታ መሆኑን ነገረችኝ። በሺያን ማንም ያላሳየኝን ዘዴ ልጄ ከአያቷ ምድጃ አጠገብ አግኝታዋለች።

ለሚሞክሩ አንባቢያን መጠኑን ልግለጽ። ለአንድ ሰው 100 ግራም ያህል ደረቅ ኑድል ወይም ቀጭን ፓስታ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሸካራ በርበሬ፣ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስና 1 የሻይ ማንኪያ አቼቶ ይበቃል። የጋለ ዘይት የሚፈስበት ሳህን የብረት ወይም ሙቀት የሚችል የሸክላ እንጂ የፕላስቲክ መሆን የለበትም፤ በርበሬውም እርጥበት እንዲነካው እንጂ ውሃ እንዲያቁር መደረግ የለበትም፤ ዘይቱ ይረጫልና። ትንንሽ ልጆች በሚያፈስሱበት ጊዜ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ሊቆም ይገባል።

ሁለተኛው ስጎ የሰሊጥ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። ቻይና የኢትዮጵያን ሰሊጥ በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ ናት፤ ከሑመራ ማሳ የተሰበሰበው ነጭ ሰሊጥ ባሕር ተሻግሮ ለሌሎች ማዕድ ሲውል፣ በጾም ቀን ምን እንሥራ እያልን የምንጨነቅ እኛ በኑድል ላይ ልናስበው አለመቻላችን ያሳዝነኛል። ሱፍን ፈጭቶ ፍትፍት ለሚሠራ ሕዝብ ይህ ስጎ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይችልም። ሰሊጡ በለስላሳ እሳት እየተማሰለ ይታመሳል፤ መፈንጠር ሲጀምርና ቀለሙ ወርቃማ ሲመስል ወዲያውኑ ከመጥበሻው መውጣት አለበት፤ ትንሽ ካለፈ ይመርራልና። ከቀዘቀዘ በኋላ በመፍጫ ወይም በሙቀጫ ደቅቆ፣ ጥቂት ዘይት እየተጨመረበት እንደ ለውዝ ቅቤ እስኪሆን ይታሻል። ከዚህ 2 የሾርባ ማንኪያ ወስዶ ከሶያ ሶስ፣ ከአቼቶ፣ ከተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ከቁንጥር ስኳር ጋር መምታት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንኦት ላሳስብ እወዳለሁ። ውሃ መጀመሪያ ሲጨመርበት የሰሊጡ ቅቤ በመቅጠን ፈንታ ይጠጥርና ይጓጉላል፤ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ የሚተወውም በዚህ ጊዜ ነው። አልተበላሸም። ኑድሉ ከተቀቀለበት ውሃ በማንኪያ እየቀነሱ መጨመርና ማሸቱን አለማቋረጥ ብቻ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ቆይቶ ነጣ ይልና እንደ እርጎ ለስልሶ መፍሰስ ይጀምራል። ኑድሉን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆና አጠንፍፎ ከዚህ ስጎ ጋር ማዋሐድ፣ በላዩም ኪያርና ካሮት በቀጭኑ ከትፎ መጨመር ነው። ለጾም የሚሠራ ከሆነ ኑድሉ እንቁላል የሌለበት መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ማንበብ ይገባል። ሰሊጥ ለማመስ ጊዜ ያጣ ሰው በለውዝ ቅቤ ሊተካው ይችላል፤ በአቼቶው ፈንታ ሎሚ ቢጨምቅበት ደግሞ ይበልጥ ይስማማዋል።

በርበሬ ለማይወዱ ሕፃናት ከሁሉ የሚቀለው የሻንግሃይ ሰዎች የሚሠሩት የሽንኩርት ቅጠል ዘይት ነው፤ ቅጠሉ በለስላሳ እሳት ቡናማ እስኪሆን በዘይት ይጠበስና ሶያ ሶስና ጥቂት ስኳር ተጨምሮበት በኑድሉ ላይ ይደረጋል።

ስለ ጨው የጀመርኩትን ሐሳብ ሳልጨርስ ማለፍ ግን ታማኝነት አይሆንም። ሶያ ሶስ ከአኩሪ አተር፣ ከስንዴና ከጨው ተብላልቶ የሚሠራ በመሆኑ እርሱ ራሱ ጨው የበዛበት ነው፤ የተለመደው ዓይነት አንድ የሾርባ ማንኪያው ከ2 ግራም በላይ ጨው ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲሆን ይመክራል። ስለሆነም በቤት መሠራቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ልዩነቱ ግን ማንኪያው በእጃችን መሆኑ ነው፦ ሶያ ሶሱን ከላይ በጻፍኩት መጠን መወሰን፣ ሌላ ጨው አለመጨመር፣ ጣዕሙን በአቼቶ፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ማጎልበት ይቻላል። በፓኬት የታሸገውን ዱቄት ግን ብዙ ልጆች እንዳለ ይገለብጡታል።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። እነዚህን ስጎዎች በብዛት ሠርቶ ማስቀመጥ ያጓጓል፤ ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት ያለበት ዘይት ከፍሪጅ ውጭ ሲቀመጥ አደገኛ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ስለሚችል፣ የዕለቱን ለዕለቱ መሥራት ይመረጣል።

በመጨረሻም የጋዜጣችሁ የምግብ ዓምድ አዘጋጆች እንዲህ ያሉ ስጎዎችን በቤታችን ባሉ ማንኪያዎች ተለክተው፣ በገበያችን በሚገኙ ነገሮች ተሞክረው እንዲያወጧቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልጄ የጋዜጣውን ገጽ ቆርጣ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ቦታውን ከወዲሁ አዘጋጅታለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ