ሕጉ የማያውቀው ክልከላ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትና የቅጂ መብት ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁት ዘገባ በቴሌግራም ስለሚበተኑ መጻሕፍት ያሰማውን ምሬት እጋራለሁ። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍት ያለ ደራሲው ፈቃድ መጽሐፍን በዲጂታል መልክ ወይም በድምፅ እንዳያዘጋጁ ሕጉ ያለ ምንም ልዩነት ይከለክላል መባሉ ስሕተት ነው፤ ዳፋው ደግሞ እንደ እኔ ያለውን ዓይነ ስውር አንባቢ ይነካል።

አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 12 ለትርፍ የማይሠሩ ቤተ መጻሕፍት በተወሰነ ቅድመ ሁኔታ ያለ ፈቃድ መገልበጥ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ከዚያም አልፎ በ2005 ዓ.ም. የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት፣ ሀገራችንም ተቀብላው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናባት፣ ለትርፍ ያልቆሙ የታወቁ ተቋማት የታተመን ሥራ በብሬል፣ በድምፅ ወይም ስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም) በሚያነበው ጽሑፍ አዘጋጅተው ለዓይነ ስውራን እንዲሰጡ፣ ከሌሎች አባል ሀገራትም ጋር እንዲለዋወጡ መንገድ የከፈተ ነው። ዘጋቢያችሁ አሳታሚውንም፣ ደራሲውንም፣ የሕግ ባለሙያውንም ሲያነጋግር አንድ ዓይነ ስውር ማግኘት አቅቶት ከሆነ ብዙ ነንና መፈለጉ ባላደከመው ነበር።

የታሪክ መምህር ነኝ። ለጥናቴ የሚያስፈልገኝን መጽሐፍ ስካን ያደረገ አንድ ቤተ መጻሕፍት ፋይሉን እንዲሰጠኝ ብጠይቅ «ሶፍት ኮፒ የቅጂ መብት ይከለክላል፤ ከፈለጉ ፎቶ ኮፒ እናነሳልዎታለን» ተባልሁ። ምዕራፉን ከቀለሙ ሽታ እንድለይ ታስቦ ይሆናል። የወረቀቱ ቅጂ ያልነካው የደራሲ መብት በፋይሉ የሚጣሰው እንዴት እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።

ፋይሉ ቢሰጠኝም ችግሩ አያበቃም። ስካን የተደረገ ገጽ ለስክሪን ሪደር ሥዕል ብቻ ነው፤ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት እንዲያውቁ ከሚያደርገው ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግእዝ ፎንቶች የተተየበውም የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይሰማል። እነዚህን ወደሚነበብ ጽሑፍ መቀየር ራሱ መገልበጥ ስለሆነ፣ ዘገባው የለም ያለው የሕግ ፈቃድ ከሌለ «ዲጂታል ሆነ» የተባለው መጽሐፍ ለእኛ እንደ ተዘጋ ይቀራል። ደራሲው ከዚህ የሚያጣው ገበያ የቱ ነው? በብሬል የታተመውን መጽሐፉን የሚሸጥልኝ መደብር ካለ አድራሻውን ላኩልኝ፤ ነገውኑ እገዛለሁ።

ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ዘገባውን በድረ ገጻችሁ ላይ በፎቶ መልክ ስለለጠፋችሁት ያነበበችልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ እርሷም ፈተና ስላለባት ማረሚያውን በጽሑፍ አድርጉልኝ።

አንድ ዓይነ ስውር መምህር፣ ከአዲስ አበባ